የመመለሻዋ ቀስት

አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ቆርቆሮው የሳሳ ክፍል፣
ስድሳ ሁለት ልጅ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንዱ ደግሞ የሚያስል።
ሥዕል አስተምራለሁ እኔ፤ ቀለም ግን የለኝም፤
ከጠመኔ ሌላ በጀት ብጠይቅ የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ዘንድሮ ኢንተርኔት ገባ፤ አንድ ጨዋታ አገኘን፣
ቀለም አልባ ወፍ ያለችበት፣ "ቀቡኝ" እያለች የምትለምነን።
ቢጫውን ጎትተው ከሰማያዊ ሲያጋጥሙት
በሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ወፏም ትበራለች ወደ ፊት።

ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ።
"ቲቸር፣ ገፋኝ!" "ቲቸር፣ ተራዬን በላኝ!" ይሉኛል ከበው ሲያዋክቡኝ።
አንለይ ብቻ ዝም ይላል፤ ጣቱ ከማውሱ ላይ፣
ዓይኑ አንዲት ቀስት ላይ፣
ወደ ግራ የታጠፈች፣ ጥፋትን የምታጠፋ፣
የደፈረሰውን ቀለም እፍ ብላ የምትገፋ።
ይቀባል፣ ይመልሳል። ይቀባል፣ ይመልሳል።
ሦስት ደቂቃው ያልቃል፤ ወፏ ባዶዋን ትቀራለች፤ አንለይ ይነሣል።

እኔ በሱ ዕድሜ ሳለሁ፣ አህያ ሐምራዊ ቀብቼ
ከጋሽ ጓንጉል ማስመሪያ ሥር ዋልኩ ጣቶቼን ዘርግቼ።
"እንዲህ ያለ አህያ የት አይተሽ?" አሉኝ።
አይቼ ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከአንገረብ ማዶ። መች ጠየቁኝ?

ይህ ማሽን ግን አይቆነጥጥም፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤
ሺህ ጊዜ ቢሳሳቱበት "እንደገና ሞክር" ማለት አይሰለቸውም።
እውነቱን ልናገር? ቀናሁበት።
ልብ ለሌለው ዕቃ ያን ሁሉ ትዕግሥት ማን አስቀመጠበት?

ማክሰኞ፣ ከእረፍት በኋላ፣ መብራት ሄደ።
ስድሳ ሁለት አፍ "ኡኡ" አለ፤ ክፍሉ ተናደ።
ጠበቅን። ረቡዕ ነጋ፣ ሐሙስ መሸ፤ ትራንስፎርመሩ ነደደ አሉ፤
ወፏ ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ፣ ልጆቹ ከበሩ ላይ ዋሉ።

ዓርብ ስንዱ እርድ በወረቀት ቋጥራ መጣች፣
የእናቷን የነጠላ ማንጫ ሰማያዊ በሃይላንድ በጥብጣ፣ "ጨዋታው ይኸው!" አለች።
ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ሲሚንቶው በተላጠ ግድግዳ
ወፏን በከሰል ነደፍናት፤ ቆመች እንደ እንግዳ።
እርዱ ሰማያዊውን ሲነካ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ፤
ጎመን ወጥ መሳይ፣ ጭቃማ፣ ግን አረንጓዴ! ጮኸው ግቢውን አናወጡ።

አንለይ ተራው ደረሰ። በተቀጠቀጠ አገዳ ጫፍ ክንፏን ሊቀባ ሲነሣ
ጠብታ አመለጠው፤ በአንገቷ ወርዶ ቀረ፣ ረጅም፣ እንደ ጠባሳ።
ጣቱ አየሩን ነካ፣ ወደ ግራ፤ ፈለገ ያቺን ቀስት።
የለችም። ግድግዳ አይመልስም። ዞሮ አየኝ፣
ጋሽ ጓንጉልን ከፊቴ የሚፈልግ ይመስል፣ በፍርሃት።

ምን ልበለው? ከማሽኑ የተማርኩትን አልኩት፦ "እንደገና ሞክር።"
"አይጠፋማ!"
"አይጥፋ። ከሱ ላይ ጀምር።"

ከጠባሳው ጫፍ ላባ ሰካ፣ ከላባው ሥር ሌላ ላባ፤
ወፊቱ አንገተ ረጅም ሆነች፣ ባለ ማተብ፣ ባለ ካባ።

በሳምንቱ በሚኒባስ ተጠቅጥቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደረስን፤
ጫማ አውልቀን ገባን፤ ክንፍ ያላቸው ፊቶች ከጣሪያው ቁልቁል አዩን።
"ቲቸር፣ ሠዓሊው ስንተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር?" አለች ስንዱ፤
ጠባቂው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወደ ደጅ ሄዱ።

አንለይ ግን አንጋጦ ቀረ፤ ፊቶቹን አንድ በአንድ፣ በጣቱ፣ ከሩቅ እየነካ።
"የዚያኛው አንድ ዓይን ወረድ ብሏል" አለኝ። "አልመለሰውም ለካ።
አይቶት፣ ትቶት፣ ወደሚቀጥለው አለፈ።"
ያን ፊት ስንት ዘመን ቆሜበት አላየሁትም ነበር እኔ።

መብራቱ መጣ። ኮምፒውተሩ አሁንም ያስላል። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ።
አንለይ ተቀምጦ ቀለሞቹን ሁሉ አንድ ላይ ደፋቸው፤
ወፏ ቡኒ ሆነች፣ የአንገረብን ጎርፍ መሰለች።
ቀስቷን አያት። አልነካትም።
"እንደገና ሞክር" አለው ማሽኑ።
"ተዋት" አለው አንለይ፤ "እንዲህ ናት።"