ከመስኮት የወጣች እጅ

ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ ቆሞ ጠበቀን፣
መስታወቱን እንደ ላም ልሶ አደበዘዘብን።
ከፊቴ ባለ ተሳቢ፣ አራት መቶ ኩንታል ሲሚንቶ ጭኖ፣
በአንደኛ ማርሽ ይወርዳል፣ ደረጃ እንደሚዳስስ ሽማግሌ ሆኖ።
የጋለው ፍሬኑ ይሸተናል፣ መስኮት ዘግተንም አልቀረ፤
ጭራው በየጥምዝምዙ መስመሩን እየጣሰ ዞረ።
«ቀስ በቀስ እንቁላል» ይላል የኋላ መዝጊያው፣
የቀረውን ተረት ጭቃ ነው የበላው።

ሕጉ አሥራ ሁለት ነው፣ አሥራ አምስት ጭኛለሁ፤
(ለትራፊክ እንዳትነግሩ፣ ለእናንተ ብቻ ብያለሁ።)

«ቅደመው እንጂ! ምነው ተኛህ?» አለ አንዱ ከኋላ፣
«ሮቢት ስደርስ ልጄን ላገኛት ነው ጥርስ አብቅላ!»
እትዬ አስካለም ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ፣
«ተዉት፣ እሱ በሬ ነው የሚነዳ» ብለው ወጋ አድርገው አለፉ።

ጆሮዬ ጋለ። ስድብ ቁልቁል ይወርዳል፣
ከጆሮ ተነሥቶ ነዳጅ መስጫው ላይ ያርፋል።
ክላክስ ነካሁ፣ ፍሬቻ አበራሁ፣ አፍንጫዬን በግራ ብቅ፣
ከጉሙ ወዲያ ማን እንዳለ፣ ምን እንዳለ ሳላውቅ።

ያን ጊዜ ከጋቢናው መስኮት አንዲት እጅ ወጣች፣
ወዲህ ወዲያ አለች፣ መዳፏን ዘረጋች፣
አራት ጣት ነበራት።
«ቆይ» ያለችኝ መሰለኝ፤ ቆየሁ፤
ወደ ጭሱ፣ ወደ ጭቃው፣ ከጭራው ሥር ተመልሼ ገባሁ።

ከጉሙ ሆድ ዳገቱን የያዘ የነዳጅ ቦቴ፣
አንድ መብራቱ የጠፋ…
በጎኔ ሲያልፍ ተርገፈገፈ መስታወቴ።

አንዲት ሕፃን አስነጠሰች፤ «እደጊ» አልናት ሁላችን፣
ከዚያ በቀር ቃል አልወጣም ከአፋችን።

እኔም ወደ ኋላ ቀረሁ።
ፊቱን በስፖኪዮው ካላየሁት፣ እሱም እኔን አያየኝ፤
ከጭራው ሥር ስለጠፍ፣ ለእሱ የለሁም፣ ማን ሊቆጥረኝ?
ትልቅን ማየት ማንንም አያቅትም፤
ከትልቅ ዓይን መግባት ግን ያለ ርቀት አይሆንም።

ደብረ ሲና ደረስን፤ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ወረሩት።
«ይልቃል! ታኮ!» ሲል ሰማሁ፣ ሹፌሩ ረዳቱን ሲጣራ፣
ልጁ ድንጋይ አቅፎ ዱብ አለ፣ ከኋላ ጎማው ጋራ።
ሹፌሩ አጭር ሰው ነው፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ፣
ዳገት ቁልቁለት የጠገበ፣ ወገቡን ይዞ የሚነሣ።
ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር፤
ጣቶቹን ቆጠርኩ። አራት። ያቺው እጅ ነበር።

አንድ ስኒ ቆሎ ገዝቼ ሄድኩ፤
«ጋሼ፣ ቅድም ጉሙ ውስጥ…» ብዬ ምስጋናዬን ጀመርኩ።
«እኔ?» አለ፤ «ወንድሜን፣ አንተን መች አየሁህ!
ስፖኪዮው ጉም ለብሶብኝ፣ እጄን አውጥቼ ስጠርግ ነው ያየህ።»

ቆሎው መዳፌ ውስጥ ላብ ጠጣ።
የምለው ጠፋኝ፤ ከኪሴ ጨርቄ ወጣ፤
የእሱን ስፖኪዮ ወለወልኩ፣
ከዚያ የራሴን፤ ከዚያ እንደገና የእሱን ደገምኩ።

ሞተር ሳስነሣ ተሳቢው ገና ታኮው አልወጣለትም፣
መንገዱ ባዶ ነው፣ ጉሙም እዚህ ታች አልወረደም፤
እኔ ግን እጄ መሪው ላይ፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ፣ ዝም።
«ምን ትጠብቃለህ?» ያለኝ አንድም ሰው የለም፤
እትዬ አስካለ ብቻ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ፣
«ይሁን» አሉ፣ «በሬው ይቅደም።»