መለያ ዓምድ

በክሌይፔዳ ወደብ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
ጭጋግ ከባልቲክ ወጥቶ መስታወቱን ሲያንቅ፣
የመርከቡን መዝገብ ከወረቀት ላወጣ
ተቀጠርኩ በኅዳር፣ በረዶው ሳይመጣ።

አልጊማንታስ አለ፣ የመዝገቡ ሹም፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሳተ አንዴም፤
በሰማያዊ ጽፎ፣ በቀይ የሚሰርዝ፤
“ኮምፒውተርሽ” ይለኛል፣ “ስንት ወር ነው የሚያረግዝ?”

እናት መደብ አበጀሁ፣ “መርከብ” አልኩት ስሟን፤
ርዝመት ሰጠኋት፣ ቁጥር፣ የተሠራችበትን ዘመኗን።
አስጋሪዋ ልጇ መረቧን ጨመረች፣
ጎታቿ ጉልበቷን በፈረስ ቆጠረች፣
መንገደኛ ጫኟ ወንበር ደረደረች።
ኮድ ላይ ውርስ ቀላል፤ ዳኛ የለው፣ ጠብ የለው፣
እናት ሳትሞት ነው ልጅ ሀብቷን የሚወርሰው።

ግን ዳታቤዝ ሜዳ ነው፣ ዘር ትውልድ አያውቅም፤
ረድፍ አለው፣ ዓምድ አለው፣ እናት ግን የለውም።
በኮዱና በሠንጠረዡ መሃል ሽማግሌ አለ፣
አዛማጅ የሚሉት፤ “ከሦስቱ መንገድ ምረጪ” አለ።

መጀመሪያ ሁሉን ባንድ ሠንጠረዥ አጨቅሁ፣
ማን ምን እንደሆነ በመለያ ዓምድ ጻፍሁ።
ጎታቿ ላይ የመረብ ስፋት፦ ባዶ።
አስጋሪዋ ላይ የወንበር ብዛት፦ ባዶ።
ወደ ታች ባይ፣ ወደ ጎን ባይ፣ እስከ ወዲያ ማዶ
ሜዳው ሁሉ ነጭ፣ የጥር በረዶ።
“ይኼ መዝገብ ነው ወይ፣ ድድ ነው ያለ ጥርስ?”
አለ አልጊማንታስ መነጽሩን ሲያብስ።

አፈረስኩት። ለየልጁ ቤት ቤት ሠራሁላት፣
የእናቷን ንብረት ደግሜ ከተብኩላት።
ባዶው ጠፋ፣ ሸጋ። ግን “ስንት መርከብ አለን?” ቢል አዛዡ፣
ለልመና ወጣሁ በየሠንጠረዡ።

በሦስተኛው ረጋሁ፤ እናቲቱ በቤቷ፣
ልጅ በየጎጆዋ፣ ቁጥሩ እንደ እትብቷ።
አንዲት ጀልባ ስጠራ ሁለት ደጅ ይከፈታል፤
ትንሽ ይዘገያል። ይሁን፣ ይቻላል።

በመጋቢት ወር፣ በረዶው ሲላላ፣
የቬትራ ፋይል መጣች፣ ሦስት ማኅተም አዝላ።
አርባ ዓመት ስትጎትት ኖራ፣ ቀለሟ ተልጦ፣
ሞተሯ ወጥቷል፣ ብረቱ በኪሎ ተሽጦ፤
ካሁን ወዲያ ቆማ፣ ዳኔ ወንዝ ዳር ታስራ፣
ሾርባ ትሸጣለች፣ ሠላሳ ወንበር ደርድራ።

“ቀይሪያት” ተባልኩ። መለያዋን ነካሁ።
አዛማጁ እምቢ አለ። ደግሜ ነካሁ።
“ጎታች ሆና የተወለደች ጎታች ናት እስክትሞት፤
መደቡን የሚለውጥ ነገር የለም በእኔ ቤት፤
ግደያትና ፍጠሪያት፣ በሌላ ቁጥር፣ በሌላ እትብት።”

ብገድላትስ?
አራት መቶ ስድስት ረድፍ፦
የተበጠሰ ገመድ፣ ጥገና፣ ቅጣት፣
ከአሸዋ የሳበቻቸው መርከቦች፣ ሌሊት ሌሊት፤
ሁሉም በቁጥሯ ነው የሚያውቋት።
ማንን ሊጠሩ ነው?

አልጊማንታስ ዝም ብሎ ወረቀቱን ገለጠ፣
“ጎታች” የሚለው ላይ ቀይ መስመር አጋደመ፣
“ምግብ ቤት” ብሎ ጻፈ፣ ቀኑን አስቀመጠ።
ከቀዩ ሥር ያ ቃል ይነበባል አሁንም።

አመሸሁ። ሽማግሌውን አልፌ፣ በጥሬ ትእዛዝ፣ በእጄ፣
ከጎታቾች ጎጆ ረድፏን ነቅዬ፣
አዲስ ጎጆ ሠርቼ አስገባኋት፤
መለያዋን ለወጥኩ፤
ቁጥሯን አልነካሁባት።

በማግስቱ ስክሪኑን ዓይቶ፣ ቆይቶ፣
“ፈረሶቿስ?” አለኝ።
“የቶቹ ፈረሶች?”
“ሺህ ሁለት መቶ ነበሯት። የት አስገባሻቸው?”

ከነቀልኩት ረድፍ ጋር ሄደዋል።
አልመለስኩለትም። በመስኮቱ፣ ከታች፣
ቬትራን ወደ ወንዙ ይዛት እያለፈች ነበር
አንዲት ሌላ ጎታች።