አለ

ስምሽን አላውቅም፤ ቁጥርሽን ግን አውቃለሁ፤
ከበረዶው ሳወጣሽ፣ ከጠርሙሱ አንገት ላይ አነበዋለሁ።
ጥንቸል ነበርሽ ይላል፤ ነጭ ሁኚ ግራጫ አልተጻፈም።
አንድ ሰው ከጆሮሽ ደም ቀድቶ፣
ደሙን አጣርቶ፣
ከደሙ ውስጥ አንቺን ለይቶ
እዚህ ልኮሻል፤ ግዳንስክ፣ ባሕሩ ዳር፣
በሚያንኮራፋ ማቀዝቀዣና በእኔ መሃል እንድታድሪ።

የተማርሽው አንድ ፊት ብቻ ነው፤
ስብ የሚፈጨውን፣ ረጅሙን ሰንሰለት
ሁለት ሁለት እየቆረጠ ለልብ የሚያቀብለውን ኢንዛይም።
ሌላውን ሁሉ ገፍተሽ ታልፊያለሽ፣
በሠርግ ግርግር መሃል
ባለዕዳዋን እንደምትፈልግ ሴት።

ልጅቷ ዳምሮካ ትባላለች። ሰባት ወሯ ነው።
አባቷ ኮንከል፣ የያስታርኒያ ካሹብ፣ ዓሣ አጥማጅ፤
እናቷ በውርጭ፣ በአውቶቡስ፣ አቅፋት መጣች።
«ማታ ሳትጠባ ተኛች፤ ጠዋት አልነቃ አለች» አለች።
«ወፍራም ናት’ኮ! ክንዷን እዪልኝ፤
ከስብ መሃል ሆና እንዴት ትራባለች?»

መልስ አልነበረኝም።
ጎተራው ሞልቶ ቤተሰቡ ሲራብ
የሚጠየቀው ወፍጮው ነው፣
አልኩ፤ ለራሴ፣ በሆዴ።

ከቆዳዋ የተወሰደው ሴል ተፈጨ፤ ጄሉ ውስጥ ሮጠ፤
ወደ ስስ ነጭ ሽፋን ተሻገረ።
ሽፋኑን ወተት አጠጣሁት፤ ስቡ የተገፈፈ የዱቄት ወተት፣
የማይመለከትሽ ቦታ ሄደሽ እንዳትለጠፊ።
(እሷን የእናቷ ወተት ሲጥላት
አንቺን ወተት ሥርዓት ያስይዝሽ!
ሳቄ መጣ። ዋጥኩት።)

ባለፈው ሳምንት ዋሽተሽኛል።
አንቺ እንኳ አይደለሽም፤ አሮጌው ጠርሙስ ነው፤
ሲቀልጥ ሲረጋ፣ ሲቀልጥ ሲረጋ ከርሞ
ያገኘውን ሁሉ ዘመዴ እያለ
ሽፋኑን ከዳር እስከ ዳር አጠቆረው።
ወይዘሮ ሽቴፋንያ መነጽራቸውን አውልቀው «ጣይው» አሉ።

ዛሬ ግን አዲስ ነሽ። አፈሰስኩሽ፤ አደርሽ።
ከአንቺ በኋላ ፍየል መጣች፣
ጥንቸልን ብቻ እንድታውቅ የተማረች፣
ጭራዋ ላይ ብርሃን የታሰረላት።
ጥንቸል ኢንዛይሙን ትይዛለች፤
ፍየል ጥንቸልን ትይዛለች፤
እኔ ብርሃኑን እይዛለሁ፤
እኔን ማን እንደሚይዘኝ እንጃ።

ጨለማው ክፍል ገባሁ። አምስት ደቂቃ ቆጠርኩ።
አንደኛው ረድፍ፣ የጤነኛ ሰው፦ ጥቁር መስመር።
ሁለተኛው፣ የእናቷ፦ ጥቁር መስመር።
ሦስተኛው፣ የዳምሮካ፤
ባዶ ይሆናል ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር።
ጥቁር መስመር።
እንደ ተኳለ ቅንድብ የጠራ፣
ከጎረቤቶቹ የማያንስ፣ የማያፍር።

«አለ» ብዬ ጻፍኩኝ፤ እጄ ግን ቀዘቀዘ፤
አለ እንጂ ምን አለ? ምን ቆረጠ፣ ምን ያዘ?
የሌለ ቢሆን ኖሮ ባዶው ይናገር ነበር፤
ያለ ሰው ዝም ሲል ነው ቤት የሚቸገር።

አንቺ ፊት ታውቂያለሽ፤ ሥራ አታውቂም።
ቀዛፊው ጀልባው ላይ ተቀምጧል፤
ኮፍያው አለ፣ ቦት ጫማው አለ፣ ስሙ መዝገብ ላይ አለ፤
መቅዘፊያው ግን ውኃ አልነካም።
አንዲት ፊደል ተሳስታ ተጽፋ
ክንዱ አይታዘዝም።

ከአራት ቀን በኋላ ሌላው ምርመራ ደረሰ፤
ፊት የማያየው፣ ሥራ ብቻ የሚቆጥረው፤
ዜሮን ሊነካ ጥቂት የቀረው ቁጥር ይዞ።
ከ«አለ» ቀጥሎ፣ በቀረችኝ ጠባብ ቦታ፣
«አይሠራም» ብዬ አስገባሁ።

እናቷ አሁን በየሦስት ሰዓቱ ትነሳለች፤
የሚደውለው ሰዓት ትራሷ ሥር ነው።
ኮንከልም በጭስ የበሰለውን ዓሣ
ደጅ ቆሞ ይበላል አሉ፣ በነፋሱ፣ በጓንቱ፣
ልጅቷ አይታው እንዳትጎመጅ።

አልተቀየምኩሽም። የተጠየቅሽውን መለስሽ።
ወደ በረዶው መለስኩሽ፤
ክዳንሽ ላይ በብዕር ጻፍኩ፦
አራት ማይክሮሊትር ቀርቷል።
ለሚቀጥለው ልጅ አይበቃም።
ሰኞ ይታዘዝ።