አራት ሰከንድ

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣
በጋሽ ባዘዘው ጓዳ፣ መጋረጃ ተጥሎ፣
ሐምሌ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው አመሸን፤
ሃያ ሁለት ሰውና አንድ ዶሮ።
(ዶሮዋ የጥላዬ ናት። ሳይሸጣት መሸበት፣
ከእግሩ ሥር አሰራት፤ እሷም አብራን አየች።)

ኮሌጅ ያስተማረ አንድ እንግሊዛዊ
አገሩ ሲገባ የተወው ካርቶን ነው፤
አቧራ የጠጣ፣ አይጥ የቀመሰው፣
የአባቶቹ ዘመን ድራማና ዘጋቢ ፊልም።
ተርጓሚው እኔ ነኝ።
ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤
የማላውቀው ቃል ሲመጣ እስላለሁ።

መጀመሪያ ድራማው። ጥቁርና ነጭ።
ዝናቡ የእነሱ ይሁን የእኛ
መለየት አቃተን።
ዳኛው ምንጣፉ ላይ ወድቋል ተገድሎ፤
መርማሪ መጣና ባርኔጣውን ሰቅሎ፣
«ሻይ ይኖር ይሆን?» አለ።

«ሬሳው ሳይነሳ?» አሉ ወይዘሮ አንጓች።
«ልቅሶ የለም እንዴ? ጎረቤት የት አለች?
እንዲህ በለሆሳስ ሰው ተቀብሮ ያውቃል?»
የምተረጉመው ሳጣ ዝምታውን ተረጎምሁ፤
የሚስትየዋን ጓንት፣
የአትክልተኛውን ጫማ፣
የግድግዳውን ሰዓት።
አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው አልጮኸም።
በመጨረሻ መርማሪው ተነሣ፤
ጣቱን ወደ አንዱ ሊቀስር ክንዱን ሲያነሳ፣
ዴኩ ካሴቱን ጎረሰው።
ዳኛውን ማን እንደገደለው
እስከ ዛሬ ፒያሳ ውስጥ የሚያውቅ የለም።
(ጥላዬ ሚስቲቱ ናት ይላል። ጥላዬ ሁልጊዜ ሚስቲቱ ናት ይላል።)

ቀጥሎ ዘጋቢው። ቀለሙ የወየበ፣ እንደ ከረመ ቅቤ።
ስለ ዓባይ ነበር፤ ካርታ፣ ጀልባ፣ ደንገል፣
ቁምጣ የለበሱ ሰዎች ላብ ሲጠርጉ።
ከዚያ ድንገት ግንቡ።
ድንገት ጃንተከል ዋርካ፣
ድንገት ቅዳሜ ገበያ፣ አህያ፣ የጌሾ ክምር፤
ጓዳው «ዋይ!» አለ፣
በሰው ቤት መስኮት ራሱን እንዳየ።

አንድ ልጅ፣ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣
ዞሮ አየን።
አራት ሰከንድ።
ደግሞ ሄደ።

«ጥጋቡ!» አሉ አንጓች።
«ወንድሜ ጥጋቡ! በሰባ ዓመተ ምሕረት የወጣ!
መልሰው፣ ባዘዘው፣ በማርያም መልሰው!»
መለሰው። አራት ሰከንድ።
መለሰው። አራት ሰከንድ።
ጮኸው አላለቀሱም፤ መስታወቱን በመዳፋቸው ነክተው
እንደ እንግሊዞቹ በለሆሳስ አሉት፦
«መቃብሩን ያጣሁት፣ በየደጁ ዞሬ፣
በፈረንጅ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት ዛሬ።»

ከኋላ አግዳሚ አቶ ወረታ፣ ሰዓት ሠሪው፣
ቀና አሉ፤ ሳቅ አፈናቸው፦
«እኔ ነኝ እኮ! የአባቴ በርበሬ ነው!
ያ ፈረንጅ ከረሜላ ሰጥቶኝ...»
ብለው ጀመሩና
የሴትዮዋን መዳፍ አዩ።

ዝናቡ ብቻውን ተናገረ።

«አይ» አሉ ወረታ። «አይደለሁም። ዓይኔ ደክሟል።
ያን ዓመት እኔ አዘዞ ነበርሁ፣ አጎቴ ዘንድ።
ጥጋቡ ነው፤ አወቅሁት።
ጆንያችን ላይ ይቀመጥ ነበር፣ እየተቆጣነው።»

አንጓች ወደ እኔ ዞሩ፦
«ፈረንጁ ምን ይላል? ስሙን ጠራው?»
ድምፁ ያለው ይህን ነበር፦ «የአገሬው ልጅ፤
ነገ ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ።»
ሳልሁ።
«ስሙን ነግሮናል ይላል» አልሁ። «ጨዋ ልጅ ነው ይላል።»

ስንወጣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።
ጥላዬ ዶሮዋን በኮቱ ሸፍኗት ሄደ።
ወረታ ከፊቴ፣ ባትሪያቸውን መሬት መሬት እያበሩ፤
ፖስታ ቤቱ መብራት ሥር ሲደርሱ
«ደህና እደር» ሊሉኝ ዞሩ።
ከግራ ቅንድባቸው በላይ አንዲት ነጭ መስመር።
በልጁም ፊት እዚያው ቦታ ነበረች፤
ጠባሳ ትሁን
የካሴቱ ጭረት፣
መልሰው ብዬ ባዘዘውን አልጠየቅሁም።