የለም አትበል

ሃያ ሁለት ዓመት በካርድ ክፍል ቆየሁ፣
የጅማን ሕመምተኛ በመደርደሪያ ዐየሁ፤
የሰርቦው ከታች ነው፣ የዴዶው ከመስኮት፣
የአጋሮው ከላይ ነው፣ መሰላል ቆሞበት፤
ጣሪያው ሲያፈስ ጊዜ፣ ክረምት የገባ ዕለት፣
የማና ሰው ካርድ ቀለሙ ሟሟበት።

ዘንድሮ ቃልአብ መጣ፣ የኮምፒውተሩ ልጅ፤
ያን ሁሉ ወረቀት ከአንድ ሣጥን ከተተው።
«እትዬ አስካለ፣ ኮድ የለ፣ ቁጥር የለ፣
እንደ ሰው ጠይቂው፣ እንደ ሰው ይመልሳል።»

«ትናንት ስንት ሰው ተኛ?» ብዬ ጻፍሁለት፤
«ሠላሳ አንድ» አለ፣ ዐይኔን ሳልነቅልበት።
«ከነሱ ስንቱ አረፈ?» ብለው፣
«ሁሉም ዕረፍት ላይ ናቸው» አለኝ።
ሣቄ መጣ። ዋጥሁት።

ሐሙስ፤ የገበያ ቀን።
ባጃጅ ጭቃውን በራችን ላይ ረጭቶ አለፈ፣
አንዲት ሴት ገባች፣ ዚነት፣ ከሰቃ፣ ዝናብ የጠገበች።
«ኦቦሌሳ ኮ» አለች፤ ቀጥላ በአማርኛ፦
«ወንድሜን፣ ሀሚድን፣ የአባ ፎጊን ልጅ፣
ሰኞ ሌሊት ነው ያመጡት፣
ያመጡት ሰዎች ስልክ አያነሡም።»

ወደ ማሽኑ ዞርሁ፤ እንደ ሰው ጻፍሁለት፦
«ሀሚድ አባ ፎጊ የት ነው?»
ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣
መልሱ ባንድ ቃል መጣ፦
«የለም።»

ፊደል ቆጥራለች ለካ፤
በትከሻዬ ላይ ዘልቃ አነበበችው።

የለም።
በኛ አፍ ይህ ቃል ስንት በር አለው!
ስኳር የለም፣ መብራት የለም፣ ይመጣል እንላለን፤
ሰው የለም ሲባል ግን ድንኳን እንጥላለን።

አልጮኸችም።
ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣
መሐረቧን ፈታ ሁለት መቶ ብር ቆጠረች፣
ለመኪና ይሁን ለከፈን፣ እንጃ፣ መልሳ ቋጠረች።

ያኔ ነው ውብእሸት ትዝ ያለኝ፣ የሌሊት ተረኛው፣
ድቁና የተማረ፣
ሐመሩን ሐ እንጂ ሃሌታውን የማይጽፍ።
ለአፋችን አንድ ነው፣
ለማሽን ግን ሁለት አገር ነው።
ጣቴ እየተንቀጠቀጠ አንዲት ፊደል ለወጥሁ፦

«ሐሚድ አባ ፎጊ።
ቀዶ ሕክምና። አልጋ ዐሥራ አራት።
አስታማሚ፦ ባዶ።»

ባዶውን እኔ ሞላሁት፦ ዚነት፣ እኅት።
ቀና ብል ወንበሩ ላይ የለችም፤
ኮሪደሩን ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሮጣለች።

ማታ ቃልአብ ዘንድ ደወልሁ።
«ሀንና ሐን አስታርቃቸው» አልሁት፤ «ቀላል ነው» አለ።
«ሌላም አለ። ሲያጣ የለም አይበል።
እኔ ጋ አላገኘሁም ይበል፤
ካርድ ሲጠፋኝ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»
ዝም አለ። «እሱ እንኳ ይከብዳል፣ እትዬ» አለ።

እስኪመጣ ድረስ
በፕላስተር ስክሪኑ ጥግ ለጥፌአለሁ፣ ለተተኪዬ፦
የለም ቢልሽ አትመኚው፣
ንጉሡን ሠ ሞክሪ፣ ዐይኑን ዐ ሞክሪ፤
እሱም ቢልሽ የለም፣
ተነሺና ልጄ፣ አልጋ ባልጋ ዙሪ።