የቃጫ አረቄ

መብራት ጠፋ ዛሬም፣ ቡሬ ጭልም አለች፤
አክስቴ አንጓች ደግሞ ኩራዟን ለኮሰች።
ከሻንጣዬ ሥር ነው፣ በሹራብ ጠቅልዬ
ያመጣሁት ጠርሙስ ከባሕር ዳር አዝዬ፤
የሆቴሉ ጌታ ሲያሰናብተኝ
የሁለት ወር ደሞዝ ነው ብሎ የሰጠኝ።

ግማሽ ተኪላ ነው፤ ጎደሎው የሄደው
መጨረሻ መጥተው በሄዱ እንግዶች ነው።
ከዚያ ወዲህ ማንም ጣና ዳር አልመጣ፣
ወንበር ተደርቦ ጀልባውም አልወጣ፤
እኔ ባንኮኒ ጋ ያንኑ ብርጭቆ ስወለውለው
ዝንቡን ነበር ያኔ "ምን ልታዘዝ?" የምለው።

"ምንድር ነው ይኼ?" አለች አንጓች ተጠግታ፤
አርባ ዓመት ያህል አረቄ አውጥታ
አምስት ልጅ አስተምራ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርታ፣
በቀጠነ ነገር የማትደራደር ናት።

"የውጭ አረቄ ነው።"
"ከምን ወጣ? ከዳጉሳ?"
"የለም፤ ባሕር ማዶ እሾሃም ተክል አለ፣
ቁርጥ የኛን ቃጫ የመሰለ።"
"ከቃጫ!"
ሳቋ ኩራዙን ሊያጠፋው ነበር።
"እኛ አጥር አርገነው ገመድ ስንገምድበት
እነሱ ጠጡት በል! ወይ ብልሃት፣ ወይ ብልሃት!
እስቲ ሥራው፣ ታዘበው፤ በሬ የታሰረበት
ገመድ ሲጠጣ ልይ።"

በረዶ የለኝም፤ ኮካውን ቀድሜ
በጉድጓድ ውሃ ባልዲ ከቀትር አቁሜ
አቀዝቅዤዋለሁ። ሎሚውን ከጓሮ
ልየው ቆርጦልኛል፣ እጁ እሾህ ተጭሮ።
በብርጭቆው ከንፈር ሎሚውን አዞርሁ፣
ጨው ላይ ደፋሁና ቀና አርጌ አየሁ፤
የጮቄ አመዳይ ማለዳ እንደሚያበራ
ጨዉ በኩራዝ ብርሃን ነጭ ሆኖ ተጋገራ።
በሷው መለኪያ አንድ፣ ደግሞ ግማሽ ለካሁ፣
ኮካውን በጎኑ ቀስ አርጌ ጨመርሁ፤
አረፋው ተነሳ፣ ተንሾካሾከ፣ ዝም አለ።
ሆቴል ቢሆን ኖሮ ቀጭን ገለባ አለ፣
የወረቀት ዣንጥላ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ሒሳብ አለ።
እዚህ ግን አንጓች አለች።

አልጠጣችም ቶሎ። ከጠርሙሱ አፍ ወስዳ
በጭልፋ አንድ ጠብታ፣ ክብሪት ጫረችበት፤
ሰማያዊ ምላስ ብቅ ብሎ ጠፋ።
"ተራ ነው" አለችኝ እንደ ዳኛ ፈርዳ፤
"አንዴ ነው የወጣ፤ ገና ውሃ አለበት።"
ሁለቴ ይወጣል ብዬ አልተከራከርኋት።

ጨዉን ላሰች፤ "ይኼስ ለከብት ነው" አለች።
ከዚያ ጎንጨት አርጋ፣ ዓይኗን ጨፈነች።
"ስኳሩ ጥፋቱን ይደብቅለታል፣
እንደዚያ ጌታህ ቃል፤
ሲገባ ጣፍጦ፣ ጠዋት ይታወቃል።"

"ስንት ነው ሆቴሉ?"
"አራት መቶ ብር።"
"አንዱ ብርጭቆ?"
"አንዱ።"
በጣቷ ጀመረች፣ ጣቷ አልበቃትም፤
የልየው ጣት ተጨምሮ፣ እሱም አልበቃትም።
"ከዚያ ላይ ላንተ ስንት?"
ጠርሙሱን አየሁት።

ተነሳች። ከአልጋዋ ሥር፣ ለአውዳመት ያለችውን
አወጣች፣ በቆሎ ልብስ ልቅም የተወተፈውን።
"ይኼ ዳግም ነው" አለች። "በዚህ ሥራው አሁን።"
ያንኑ ሎሚ፣ ያንኑ ጨው፣ የተረፈ ኮካ፤
መለኪያዬ ይንቀጠቀጥ ነበር ስለካ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እይ" ብላ ኩራዙን እፍ አለችው፤
ጭልፋው ላይ አፍስሳ ክብሪት ሰጠችው።
ቆመ እሳቱ፣ ረዥም፣ ሰማያዊ፣ ሳይወላውል፤
የልየው ጭረት ታየኝ፣ የእሷም የጥርሷ ክፍተት፣
የኔም ሁለት እጄ፣ ሥራ የፈታበት።
ማንም አልተናገረ እስኪያልቅ፣ እስኪሟሽሽ።

ከዚያ ጨለማ ሆነ።
ሁለተኛው ብርጭቆ እጄ ውስጥ ላብ አወጣ፣
አቀበልኋት፤ ሰማሁ፣ ጉሮሮዋ ሲያጠጣ።
ብዙ ቆየች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ጀመረው።
ባዶው ብርጭቆ መጣ፣ ክንዴን እየዳሰሰው፣
"በል" አለች፣ "ድገመኝ።"