የስምንት ሂሳብ

ነጂማ ገባችና፣ ሳትቀመጥ ገና፣
ውሉን ከነማኅተሙ ዘረጋችውና፣
"ስምንት ሜጋ ይላል፤ ለስምንት ከፍያለሁ፤
ፊልም ሳወርድ ግን አንዱን ብቻ አያለሁ።
አቦ፣ ሰባቱን ማን በላው?
ሚዛን የሚሰርቀውን አላህ ይጠይቀው!"

ቬንትሌተሩ የድሬን ሙቀት ያማስላል።
መደርደሪያው ላይ ጥቃቅን መብራቶች
አረንጓዴ፣ እንደ ቅንጭብ ጫፍ፣ ይርገበገባሉ።
ከጅቡቲ የመጣ ብርሃን በዚህች ክፍል አልፎ
ሽቅብ ወደ መሀል አገር ይወጣል፤
ላብ አያውቀው፣ ጣቢያ አያቆመው።

"ማንም አልበላሽም" አልኳት።
"እኛ የምንሸጠው በቢት፣ ስልክሽ የሚቆጥረው በባይት።
ቢት አንዲት ፍሬ ናት፤
በራች ወይ ጠፋች፣ ሌላ ወሬ የላት።
ባይት ስምንት ፍሬ የታሰረባት።
ስምሽን በፊደላችን ብትጽፊ፣
ነ ሦስት ባይት፣ ጂ ሦስት፣ ማ ሦስት፤
ዘጠኝ እስር፣ ሰባ ሁለት ፍሬ ብርሃን።
ይህን ሁሉ ጊዜ በርቶ ጠፍቶ ነው
ነጂማ የሚባለው።"

ዝም አለች። ስሟን በጣቷ ቆጠረች መሰለኝ።
ከዚያ፦ "ታዲያ በፍሬ ለምን ትሸጣላችሁ?
እኔ ሩዝ በኪሎ እንጂ በፍሬ ሸጬ አላውቅም።
ቁጥሩ እንዲበዛላችሁ ነው!"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

አባቴ ሸሚኖ ነበር፣ የዕቃ ክፍል መዛኝ፤
ሙሴ ልሳነወርቅ ሲሉት ልጅነቴ ትዝ ይለኛል፣
የኮቱ ኪስ በጠመኔ የነጣ።
ቡናው በፈረሱላ ከሐረር ይወርዳል፤
ፉርጎው ግን በኪሎ እንጂ በሌላ መች ይጭናል?
"ሰባት ፈረሱላ!" ይጮኻል፣ "በአሥራ ሰባት ሲባዛ
መቶ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ!"
ሻጩ ይስማ፣ ገዢው ይስማ፣ ኩሊው ይስማ።
የጆንያውን ክብደት ለብቻው ይጠራል።
"ሰው በሚዛን ብዙ አይሰረቅም" ይለኝ ነበር፤
"የሚሰረቀው ሲመነዘር ነው፣ ምንዛሪው በሹክሹክታ ሲነገር።"

የኔም ብርሃን ጆንያ አለው።
የድሮው መስመር መቶ አምሳ አምስት ሜጋቢት ከምናምን ነው፤
ስልሳ ሦስት ቻናል ይጫንበታል፣ እያንዳንዱ ሁለት ከትርፍራፊ፤
ደምሬ ደምሬ መቶ ሃያ ዘጠኝ።
የቀረው ሃያ ስድስት የመስመሩ የራሱ ነው፦
አድራሻው፣ ሰዓቱ፣ ዘበኛው።
ነጂማ በሩን ሳታልፍ ተጣራኋት፤
ይህንንም ነገርኳት፣ ጮክ ብዬ፣
ጎረቤት ክፍል ያሉት ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ።

በዚያው ሳምንት ደቻቱ ዳር
አንድ ኤክስካቫተር መስመሩን በጠሰው።
መብራቶቹ ቀይ ሆኑ።
ከሮብሌ ጋር አሸዋው ላይ ተንበርክከን፣
ከፀጉር የቀጠነ መስታወት ከመስታወት ስናጋጥም፣
አንዲት ፍየል ኬብሉን ልትቀምስ ስትመጣ ስናባርር፣
ስልክ ጮኸ፣ ከጣቢያው።
"ስንት እየገባ ነው?"
"ዜሮ።"
"ዜሮ ምን?"
ሮብሌ ሳቀ፤ ችቦ ባትሪው ከአፉ ሊወድቅ።
"ቢት በለው፣ ባይት በለው፣ ፈረሱላም በለው፤
ዜሮ ምንዛሪ የለው!"

ብርሃኑ ሲመለስ መሽቶ ነበር።
ጫማዬ ውስጥ የደቻቱ አሸዋ፣
በታይዋን በኩል ወደ ቤቴ ሳልፍ
የነጂማ ሱቅ ገና ክፍት፤
በሩ ላይ በጠመኔ፣ ፊደሉ ተንጋዶ፦

"እዚህ ቤት ስምንት ማለት አንድ ነው።
ሰባቱን ማንም አልበላው።
ስለ ጆንያው የሙሴን ልጅ ጠይቁ።"